የድልድዩዋ በርበሬ፦ ስሙን ደንበኛ አውጥቶት ካደረ ሌላ ስምና ምልክት ማውጣት ይገባል ወይ?

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እናቴ በደሴ ሰኞ ገበያ፣ ከድልድዩ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ በርበሬና ምጥን ሽሮ መሸጥ ከጀመረች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። በሱቋ በር ላይ አንድም ቀን ሰሌዳ ተሰቅሎ አያውቅም፤ በንግድ ፈቃዷ ላይ የሰፈረውን ስሟንም ቢሆን ከግብር ሰብሳቢው በቀር የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። ደንበኞቿ የሚጠሯት «የድልድዩዋ» እያሉ ነው። በርበሬው «የድልድዩዋ በርበሬ»፣ ሽሮው «የድልድዩዋ ሽሮ» ይባላል፤ ልጅ የሚድሩ ሰዎች ድግሱ ከመድረሱ ከወር በፊት መጥተው «የድልድዩዋ፣ የእኛን አደራ» ብለዋት ይሄዳሉ።

ዘንድሮ እኔና ወንድሜ ምርቱን በግማሽ ኪሎና በአንድ ኪሎ እያሸግን ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ወልድያና ወደ አዲስ አበባ ለመላክ ስላሰብን፣ ስምና ምልክት እንዲያወጣልን ለአንድ የግራፊክስ ባለሙያ ከፍለን ነበር። ባለሙያው «ወሎ ባልትና»፣ «ጦሳ» እና «ሮያል ስፓይስ» የሚሉ ሦስት ስሞችን አቀረበልን። አብሮ ያመጣው ምልክት በአንድ ክብ ውስጥ የጦሳን ተራራ፣ የምትወጣ ፀሐይን፣ መሶብን፣ ጀበናን፣ ሁለት ዛላ በርበሬን፣ የስንዴ ዘለላንና የሚጨባበጡ እጆችን የያዘ ነው። ወንድሜ በጣም ወዶታል። እናቴ ግን ወረቀቱን አገላብጣ ካየች በኋላ «እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን አይቶ የእኔ መሆኑን በምን ይለያል?» ብላ ጠየቀች፤ ለዚህ ጥያቄ እኛም ባለሙያውም መልስ አላገኘንለትም።

አዲስ ስም ማውጣት በእርግጥ ያስፈልገናል ወይ? የሚያስፈልገንስ ከሆነ ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? ስለ ምልክቱም የምታውቁትን ብትነግሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ኅትመት ቤት ፒያሳ (ደሴ)

እኅቴ፣ ስለ ስሙ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ይመልሱልሻል፤ ስለ ምልክቱ ግን በየቀኑ የምሠራው ሥራ ስለሆነ ደፍሬ እናገራለሁ። በአንድ ክብ ውስጥ ሰባት ነገር ያለበት ምልክት በኮምፒውተር መስታወት ላይ ሲታይ ያምራል፤ በግማሽ ኪሎ ማሸጊያ ላይ ሲወርድ ግን መሶቡና ጀበናው አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ይህን የመሰለ ምልክት አምጥቶ ማኅተም አስቀረጸ፤ ማኅተሙን በደረሰኝ ላይ ሲመታው የሚታየው የቀለም ጭቃ ብቻ ስለነበር በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ማስቀረጽ ግድ ሆነበት።

የወጪውንም ነገር አስቡበት። በላስቲክ ማሸጊያ ላይ ሲታተም እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት (የማተሚያ ቅርጽ) ይፈልጋል፤ አምስት ቀለም ያለው ምልክት ማለት ለአምስት ፕሌት መክፈል ማለት ነው። ከቢጫ ወደ ቀይ እየደበዘዘ የሚሄድ ፀሐይ ደግሞ በእኛ ማሽን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለማይወጣ፣ በጥር የታተመው ማሸጊያና በሰኔ የታተመው የተለያዩ ነጋዴዎች ዕቃ ይመስላሉ። ስለዚህ ለማንም ደንበኛ የምሰጠው ፈተና አንድ ነው፤ ምልክቱን በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በአውራ ጣት ጥፍር መጠን አሳትሞ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ ማየት። በዚያ መጠን የማይታወቅ ከሆነ በባነር ላይ ቢያምርም አይጠቅምም።

በነገራችን ላይ ባለሙያው የተከፈለው ለሥዕሉ ብዛት ከሆነ አልፈርድበትም፤ ደንበኛው ራሱ «ገንዘቤ የት ሄደ?» እያለ ሥዕል የሚያስጨምርበት ጊዜ ብዙ ነው።

የባቲው (ባቲ)

ልጄ፣ የእናትሽ ጥያቄ ከሁላችን ንግግር ይበልጣል። እኔ በባቲ ገበያ ያደግሁ፣ በንግድም ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሎጎ የሚለውን ቃል የሰማሁት በቅርብ ዘመን ቢሆንም ነገሩን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጠላ የጠመቀች ሴት በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍታ በደጇ ስታቆም ማንበብ የማይችለው መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል። ጣሳው የጠላን ሥዕል አይስልም፤ ጣዕሙንም አይናገርም፤ አገሬው የተስማማበት ምልክት ስለሆነ ብቻ ይሠራል። ጠላው ያለቀ ዕለት ጣሳው ይወርዳል። ምልክቱ ስለማይዋሽ ሰው ያምነዋል።

የሥጋ ቤቶቻችንንም ተመልከቱ። በእኛ በወሎ አንዱ ወንድም ሙስሊም ሌላው ክርስቲያን የሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሥጋ እንዲገዛ የሚላከው ሕፃን ፊደል ባይቆጥርም በሩ ላይ ያለውን ጨረቃ ወይም መስቀል አይቶ የት እንደሚገባ ያውቃል። ሁለት መስመር የማይሞላ ምልክት የሃይማኖትን፣ የእምነትንና የአስተራረድን ነገር ሁሉ ተሸክሞ ይቆማል። እንግዲህ ሰባት ሥዕል የሚያስፈልገው የትኛው ከዚህ የከበደ ጉዳይ ነው?

ወደ ስሙ ስመጣ፣ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ እኔ ግን የሱቅ ስም የሚያወጣው ደንበኛ እንደሆነ ነው የማውቀው። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩትን አዳራሽ አስቡት። «አይጠየፍ» የሚለው ስም ስለ ጣሪያው ከፍታም ሆነ ስለ ባለቤቱ ማዕረግ አንዲት ነገር አይናገርም፤ የሚናገረው አዳራሹ ለሚገባው ሰው ምን እንደሚያደርግለት፣ ማለትም ባለጸጋውንም ድኻውንም ሳይጸየፍ እንደሚያበላ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ስሙን የሰማ ሰው ትርጉሙን የሚያስረዳው አይሻም። «የድልድዩዋ» የሚለውም የእናትሽን ቦታና የእናትሽን እጅ በአንድ ቃል ይዟል። ይህን ጥሎ «ሮያል» መባል፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የገዛ ልጅን ስም ለውጦ የጎረቤትን ልጅ ስም እንደማውጣት ይሆንብኛል።

ገበያ ጥናት (ወልድያ)

አባታችን ከባቲ የተናገሩትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ በአብዛኛውም እስማማለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ሳይነሣ ያለፈ ይመስለኛል። «የድልድዩዋ» የሚለው ስም በሰኞ ገበያ የሚሠራው ሰሚው ድልድዩንም ሴትዮዋንም ስለሚያውቅ ነው። በአዲስ አበባ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን ገዢው የትኛው ድልድይ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ጥያቄው «ስሙ ለእኛ ምን ይላል?» ሳይሆን «ምንም ለማያውቅ ሰው በምን ይሞላል?» የሚለው መሆን አለበት።

የዓለም ተሞክሮ እንደሚያሳየው ስም በራሱ ብዙ ባይናገርም በአገልግሎት ይሞላል። የናይኪን ጫማ የሚገዛ ወጣት ስሙ የተወሰደባትን የግሪክ የድል አምላክ እያሰበ አይገዛም፤ በ1971 እ.ኤ.አ. ያቺን ጭረት የመሰለች ምልክት የሣለችው ተማሪም የተከፈላት 35 ዶላር ነበር። ምልክቷን ውድ ያደረጋት ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ መንግሥታት ሲለዋወጡ ስሙን ሳይለውጥ ዘልቋል፤ አውሮፕላኑ ጭራ ላይ ያሉትን ሦስት ቀለማት በሩቅ አገር ማረፊያ ላይ ያየ ሰው ጽሑፉን ሳያነብ ያውቃቸዋል።

ሕዝብ ያወጣው ስም ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት ደግሞ ከቴሌ የበለጠ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም። በ2003 ዓ.ም. ድርጅቱ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ በአዲስ ስምና በአዲስ ምልክት ብቅ ሲል ሰሌዳው ሁሉ ተቀየረ፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ «ቴሌ ሄጄ ልምጣ» ነው የሚለው። በ2013 ዓ.ም. የገንዘብ አገልግሎቱ ሲጀመር የተሰጠው ስም «ቴሌብር» ነው፤ ሰው በአፉ ሲጠራው የኖረውና ገንዘቡ በአንድ ቃል ተገናኙ። ከአያቱ ጀምሮ «ቴሌ» ሲል የኖረ ሰው አገልግሎቱን ለመልመድ ስሙን እንደገና መማር አላስፈለገውም።

ከዚህ ተነሥቼ «ሮያል ስፓይስ» ይቅር እላለሁ። ይህን መሰል ስም በየከተማው ስለሞላ ገዢው ከሌላው የሚለይበት ምንም ነገር አያገኝም። «የድልድዩዋ» ግን ሌላ ማንም የሌለው ስም ነው፤ እንግዳ የሆነበት ገዢም ቢሆን «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያ ጥያቄም ታሪኩን ለመንገር በር ይከፍታል። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙ የአንዲት ሴት ነው። እናትሽ እጃቸውን ያነሡ ዕለት በርበሬው የማን ይሆናል?

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

የመጨረሻው ጥያቄ ልቤን ነክቶታል። እናቴ በርበሬውን አሁንም ራሷ ታሰጣለች፤ ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን የምትመጥነውም በዓይኗ ነው፤ በሚዛን መዝና አታውቅም። እኔና ወንድሜ ሙያውን ከእሷ ለመውሰድ እየሞከርን ቢሆንም ገና እንደሆንን አውቃለሁ። ምናልባት ከስሙ አስቀድሞ መመዝገብ ያለበት የአመጣጠን ልኳ ሳይሆን አይቀርም።

ሕግ አዋቂ (ኮምቦልቻ)

እኅቴ፣ እዚህ የምጽፈው አጠቃላይ ማብራሪያ ስለሆነ ከማመልከትሽ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከርሽ አይቅር። በመጀመሪያ ብዙ ነጋዴዎች የሚያምታቱትን ሁለት ነገር እንለይ። የንግድ ስም ነጋዴው ወይም ድርጅቱ የሚታወቅበት ስም ሲሆን፣ ምዝገባው የሚካሄደው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ መሥሪያ ቤቶች ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ከሌላው የሚለይበት ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል። «ንግድ ፈቃዴ ላይ ስሙ ስላለ ማሸጊያውም ላይ የእኔ ነው» ብሎ የተቀመጠ ነጋዴ፣ ሌላ ሰው ያንኑ ቃል ለበርበሬ ማሸጊያ ቀድሞ ያስመዘገበ ዕለት ይደነግጣል። በእኛ ሕግ የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነውና ለረጅም ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ ማለት ብቻውን አያስተማምንም።

ከቀረቡት ስሞች መካከል «ወሎ ባልትና» ለምዝገባ ደካማ ነው። «ባልትና» የዕቃውን ዓይነት፣ «ወሎ» ደግሞ የመጣበትን ቦታ ከመግለጽ ያለፈ ነገር ስለማይናገሩ፣ የየትኛው ነጋዴ ዕቃ እንደሆነ አይለዩም፤ ለአንድ ነጋዴ ብቻ ቢሰጡም የቀሩት የወሎ ባልትና ሠሪዎች አገራቸውን በማሸጊያቸው ላይ መጥራት ሊከለከሉ ነው። «ጦሳ» ከዚህ ይሻላል፤ ተራራው በርበሬ አያመርትምና። «የድልድዩዋ» ግን ከበርበሬ ጋር ምንም የቃል ዝምድና ስለሌለው ከሦስቱም የበረታ ነው።

የፊደል ነገርም አለ። ሐይቅን አንዱ በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላው በሃሌታው «ሀ» ይጽፈዋል፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንዲሁ ናቸው። ፊደሉን ለውጦ አዲስ ስም ያገኘ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል፤ ሕጉ የሚመለከተው ገዢውን ማደናገሩን ስለሆነ፣ በጆሮ አንድ የሆነ ስም በጽሑፍ ቢለያይም ተቃውሞ ይነሣበታል። እናንተም «የድልድዩዋ» ትሉ እንደሆነ ወይም «የድልድይዋ»፣ ከዛሬ ጀምሮ ወስናችሁ በማሸጊያውም በደረሰኙም በቴሌግራሙም አንድ አድርጉት። በላቲን ፊደል ሲጻፍም እንዲሁ ነው፤ ኮምቦልቻን አንዱ በሲ ሌላው በኬ እየጀመረ ሲጽፋት የፈለጋት ሰው ሁሉ እንደሚቸገር የምናየው ነው።

ምልክቶች የሚመዘገቡት በዕቃና በአገልግሎት ዓይነት በተከፈሉ 45 መደቦች ነው፤ 34ቱ የዕቃ፣ 11ዱ የአገልግሎት ናቸው። ቅመማ ቅመም፣ ዱቄትና ቡና የሚገኙት በ30ኛው ነው። አንበሳ የተባለ ጫማ፣ አንበሳ የተባለ አውቶቡስና አንበሳ የተባለ ባንክ በአንድ አገር የሚኖሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ጫማ ሊገዛ የሄደ ሰው ተሳስቶ ባንክ አይገባም። ምዝገባው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ ከዚያም እየታደሰ ይቀጥላል። ማደሱን መርሳት ግን እኔ ራሴ በደንበኞቼ ያየሁት የተለመደ ጥፋት ነው።

ጤፍ ወዳድ

ሕግ አዋቂ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ጤፋችንን የሆላንድ ድርጅት የወሰደብን እኮ ስሙን እኛ ቀድመን ባለማስመዝገባችን ነው።

ሕግ አዋቂ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አንድ እርማት ላድርግ። የጤፉ ጉዳይ የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት፣ ክርክር ነበር፤ ድርጅቱ መብት ያገኘው በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ እንጂ «ጤፍ» በሚለው ስም ላይ አልነበረም፤ እሱንም በ2018 እ.ኤ.አ. የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ አድርጎታል። ለያዝነው ጉዳይ የሚቀርበው የቡናው ነው። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሐረር እና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም. ስታመለክት፣ «እነዚህ የቡና ዓይነት መጠሪያ እንጂ የማንም ምልክት አይደሉም» የሚል ተቃውሞ ገጠማት። ይርጋጨፌ ቀድሞ ተመዘገበ፤ ከአሜሪካው ቡና ሻጭ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተፈታ። መንግሥት ስሞቹን የሚጠቀሙ ቡና ሻጮች ፈቃድ እንዲወስዱ እንጂ ክፍያ እንዲከፍሉ አልጠየቀም፤ የፈለገው ስሙ እንዲታወቅና ገበሬው በስሙ ዋጋ እንዲያገኝ ነበር። የቦታ ስምን ለመያዝ አንድ አገር እንኳ ይህን ያህል ከለፋ፣ አንድ ሱቅ «ወሎ» የሚለውን ለብቻው እይዛለሁ ማለቱ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ገምቱት።

የባቲው (ባቲ)

የቦታ ስም ከተነሣ እኔም አንድ ልበል፤ ባቲና አምባሰል ገበያና ተራራ ብቻ ሳይሆኑ የቅኝት ስሞችም ናቸው። ባቲን በእግሩ ያልረገጠ ሰው «ባቲ ተጫወትልኝ» ይላል። ያን ስም ያስመዘገበው የለም፤ ያልተመዘገበ በመሆኑም ማንም ሳይከለከል በየመሰንቆው ሲዞር ኖሯል። ይህን የምለው ሕጉን ለመቃወም አይደለም።

ሱቅ በኮምቦልቻ

ስለ ስም ጥቅም ከመጻሕፍት ሳይሆን ከደረሰብኝ ልናገር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማችን በመጣ ጊዜ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ። ተመልሼ ሱቄን ስከፍት መደርደሪያው ራሱ አልነበረም። የቀረኝ ከበሩ በላይ ያለው፣ አንድ ጎኑ የተጣመመው ሰሌዳዬ ብቻ ነበር። ሰሌዳውን አውርጄ አዲስ ልሰቅል ስል ባለቤቴ ከለከለችኝ፤ እንደተጣመመ እንዲቆይ አደረገች።

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚልክልኝ ጅምላ ነጋዴ ስልክ ደውሎ «ሱቁ በዚያው ስም ነው የተከፈተው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ስለው ግማሽ መኪና ዕቃ በዱቤ ላከልኝ። ስሙን ለውጬ ቢሆን ኖሮ ይህን ዱቤ ስለማግኘቴ እርግጠኛ አይደለሁም፤ እሱ ያመነው እኔን ነው ብዬ ልኮራ ብችልም በመዝገቡ ላይ ያለው የሱቁ ስም ነበር። ደንበኞቼም የተጣመመውን ሰሌዳ እያዩ እየገቡ «ተመለስክ?» እያሉ ያቅፉኝ ነበር። ዛሬ ሰሌዳውን አቃንቼዋለሁ፤ ቀለሙንና ፊደሉን ግን አልነካሁትም።

ስለዚህ እኅቴ፣ እናትሽ ሃያ ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ ያለው በባንክ ደብተራቸው ብቻ አይደለም። በዚያ ስም ውስጥም ተቀምጧል።

ፊደል ሠሪ (ደሴ)

የግራፊክስ ተማሪ ስለሆንኩ ስለ ምልክቱ ጥቂት ልጨምር። ወንድምሽ የእናታችሁን ፎቶግራፍ በማሸጊያው ላይ ለማድረግ ሳያስብ አይቀርም፤ በአገራችን የባልትና ማሸጊያዎች ላይ ፈገግ ያለች እናት ማየት የተለመደ ነው። መለመዱ ራሱ ነው እንቅፋቱ፤ አሥር ፈገግ ያሉ እናቶች በአንድ መደርደሪያ ላይ ሲደረደሩ ገዢው የሚያስታውሰው አንዷንም አይደለም። ከዚህ ይልቅ የግዕዝ ፊደላችን ራሱ ምልክት ለመሆን የተፈጠረ ይመስላል። ኮካ ኮላ በአማርኛ ሲጻፍ እንኳ ያን ተጠማዛዥ አጻጻፍ ይዞ ስለሚመጣ፣ ላቲኑን የማያነብ ሰው ጠርሙሱን ከሩቅ ያውቀዋል። «ድ» ከአንድ አግዳሚ በታች እግሮቹን ዘርግቶ የቆመ ፊደል ስለሆነ፣ ትንሽ ቢስተካከል ድልድይ መምሰሉ አይቀርም። «የድልድዩዋ» በሚለው ቃል ውስጥ ደግሞ «ድ» ሁለት ጊዜ ይገኛል። ሌላ ሥዕል ሳያስፈልግ ቃሉ ራሱ ሥዕል ይሆናል፤ በአንድ ቀለም ስለሚታተምም የኅትመት ቤቱን ፈተና ያልፋል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ስም በጣም ሲታወቅ ከባለቤቱ እጅ ሊያመልጥ ይችላል። የታሸገ ውሃ ሁሉ «ሃይላንድ»፣ የዱቄት ሳሙና ሁሉ «ኦሞ»፣ ባለሦስት እግር ሁሉ «ባጃጅ» ሆኗል፤ አምራቹ ሌላ ቢሆንም ማለት ነው። «የድልድዩዋ» ከዚህ የሚያድነው ማሸጊያው ላይ «የድልድዩዋ በርበሬ»፣ «የድልድዩዋ ሽሮ» እየተባለ የዕቃው ዓይነት ሁልጊዜ አብሮ ሲጻፍ ነው።

ጦሳ ሥር

ወሎ ላይ ተቀምጠን «በረካ» የሚለውን ስም ያነሣ ሰው አለመኖሩ ይገርመኛል። የቡናችን ሦስተኛው ስኒ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በረከት ብሎ ይቀበለዋል። «በረካ በርበሬ» ቢባል ምን ይጎድለዋል?

ሕግ አዋቂ (ኮምቦልቻ)

ቃሉ ውብ ነው። ውብ በመሆኑም በየካፌው፣ በየዳቦ ቤቱና በየትራንስፖርቱ ላይ ተጽፎ አየዋለሁ፤ በ30ኛው መደብ ቀድሞ የተመዘገበ ተመሳሳይ ስም የመገኘቱ ዕድል ከፍተኛ ስለሆነ ፍለጋ ሳይደረግ አንድ ብር ኅትመት ላይ ባይወጣ እመክራለሁ።

የባቲው (ባቲ)

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። ሰው የእናትሽን በርበሬ ገዝቶ ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱ ሳትጠይቀው የድልድዩዋ መሆኑን ታውቃለች? የምታውቅ ከሆነስ በምን?

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

አባቴ፣ ጥያቄዎን ለእናቴ አነበብኩላት። ሳቀችና «በክሩ ነዋ!» አለች። እኔም ነገሩን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳየው ስለኖርኩ አላስተዋልኩትም ነበር። እናቴ ላስቲኩን እንደ ሌላው ሰው በራሱ ጫፍ አትቋጥረውም፤ ጥለት ከሚሠሩ ሸማኔዎች በምትገዛው ቀይ ክር ሦስት ጊዜ ጠምጥማ ታስረዋለች። በድሮ ጊዜ አንድ ደንበኛ ላስቲኩ ተፈቶ በርበሬው በአውቶቡስ ውስጥ ስለፈሰሰበት የጀመረችው ነው። ትናንት ሱቅ ስቀመጥ የመጡትን ሰዎች ጠየቅኳቸው፤ አንዲት እናት «ቀይ ክር የሌለው ከሆነ ልጄን መልሼ እልካታለሁ» አሉኝ። ሌላ ሰውዬ ደግሞ በሰኞ ገበያ ሌላ ሻጭ ቀይ ክር ማሰር ጀምሯል ብለው ነገሩኝ፤ ይህን ስሰማ እንደመናደድም እንደመኩራትም አደረገኝ።

ገበያ ጥናት (ወልድያ)

እንግዲህ ምልክቱ ከባለሙያው በፊት ነበረ ማለት ነው። ሰው የሚያስመስለው ዋጋ ያለውን ነገር ስለሆነ፣ ያ ሻጭ ሳያውቅ የእናትሽን ብራንድ ገምቶላችኋል።

ሕግ አዋቂ (ኮምቦልቻ)

በሕጉ ትርጓሜ ምልክት ማለት ቃልና ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ቀለምም የዕቃው ወይም የማሸጊያው ቅርጽም ይካተታሉ። ሆኖም ማንኛውንም ቀይ ክር ለብቻ ለመያዝ መሞከር አያዋጣም፤ ክር የሚያስር ነጋዴ ብዙ ነው። የተሻለው መንገድ «የድልድዩዋ» የሚለውን ቃል ፊደል ሠሪ በገለጸው አጻጻፍ፣ ቀዩ ክር በቃሉ ላይ ተጠምጥሞ ሦስት ዙር ሲያደርግ የሚታይበትን ሥዕል ጨምሮ፣ በአንድነት ማስመዝገብ ነው። ቃሉን ለብቻውም በተጨማሪ ማመልከቻ ብታስመዘግቡት፣ ነገ አጻጻፉን ብትለውጡ እንኳ ስሙ አይነካም።

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

ትናንት ማታ ቤት ተሰብስበን ወሰንን። ወንድሜ ተራራውን ለመተው ትንሽ አኩርፏል፤ የጦሳን ሥዕል በካርቶኑ ጎን ላይ በትንሹ እናድርገው ብሎ ተለማምጦ እናቴ ፈቅዳለታለች። ስሙ «የድልድዩዋ» ነው፤ አጻጻፉም ይኸው እንዲሆን ተስማምተናል። አዲስ አበባ የሚሄደው ማሸጊያ በማሽን ስለሚታሸግ ክር አያስፈልገውም ብዬ ነበር፤ እናቴ ግን ክሩ ከቀረ ስሟ እንዳይጻፍበት ብላ ስለከለከለች ከታሸገ በኋላም በእጅ ይታሰራል። ጉልበቱ ብዙ ነው፤ ሁለት የአክስቴ ልጆች ለማሰሩ ሥራ ተቀጥረዋል። የአመጣጠኑንም ልክ ባለፈው እሑድ በሚዛን እየመዘንን በደብተር መጻፍ ጀምረናል፤ እናቴ «ይህን ሁሉ ዓመት በዓይኔ ስሠራ ሦስት ግራም ነበር የሚለየኝ» ብላ ኮርታለች። ከምር ሦስት ግራም ነበር።

ኅትመት ቤት ፒያሳ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። ፊደል ሠሪንም በዚያው ባገኘው ደስ ይለኛል።

ኅትመት ቤት ፒያሳ (ደሴ)

ስትመጪ ክሩን ይዘሽልኝ ነይ። ቀይ ቀለም በስም ሲነገር ሃያ ዓይነት ስለሆነ ቀለሙን የምደባልቀው ከክሩ ጋር እያስተያየሁ ነው። ከአዲሱ ሳይሆን ከቆየው፣ በርበሬ የነካውን አምጪልኝ።